ዜሮው ከእግራችሁ ሥር ነው

ከሞጣና ከብቸና ልጆች ጋር ቡና ላይ በተቀመጥን ቁጥር አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፦ «ያን ያህል ብር የወጣበት፣ ሳተላይት ተከትሎ የሚሄድ ድሮን እንዴት እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል?» ጥያቄውን እወደዋለሁ። መልሱ ውስጥ ነፋስ አለ፣ የዓባይ ሸለቆ አለ፣ ባቄላ የሚቀቅሉ እናቶች ሳይማሩ የሚያውቁት ፊዚክስ አለ፣ ማርስ ላይ ክንፏ ተሰብሮ የቀረች ትንሽ ሄሊኮፕተር እንኳ አለች።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር መለየት አለብኝ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ በምሥራቅ ጎጃም «ድሮን» የሚለው ቃል የሰርግ ቪዲዮ አያስታውስም። ከሰማይ ድምፅ ሲመጣ እናት ልጇን የምትጠራበት ጊዜ ነው። እኔ የማወራው ስለዚያኛው፣ ስለ ጦር ድሮኑ አይደለም። የማወራው መዳፍ ላይ ስለሚቀመጠው፣ ቪዲዮ ቀራጮች ሙሽሮችን ከላይ ስለሚያነሡበት ነው። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ማቪክ ሚኒ 249 ግራም ነው፤ ሩብ ኪሎ ቡና አይሞላም። የዛሬው በረራችንም በሐሳብ ነው። ማንም ይህን አንብቦ ነገ ሞጣ ላይ እንዲያስነሣ አልፈልግም፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

በሐሳብ የምንበር ከሆነ ደግሞ ጥሩ ቦታ እንምረጥ። ሰበራ ድልድይ እንሂድ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ጎጃምን ከደቡብ ጎንደር የሚያገናኘው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መካከሉን አፈረሱት፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ለብዙ ዓመታት ሰው ክፍተቱን የተሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ እ.ኤ.አ. በ2001 ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያንን ፎቶ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፣ በ2005 ጎርፍ ጠራርጎ ወሰደው፣ በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል የሽቦ ድልድይ ተሠራ። ከላይ ቢታይ ምን ያህል እንደሚያምር አስቡት። ድሮን ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጓጓ ቦታ የለም፤ ድሮን ለመጣልም ከዚህ የተመቸ ቦታ አላውቅም።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ቆመናል እንበል። ድሮኑ ተነሣ። ሪሞቱ ላይ «ከፍታ፦ 0» የሚለው «50» ሆነ። ይህን ቁጥር ልብ በሉት፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ድሮኑ ከፍታውን የሚለካው በውስጡ ባለች ትንሽ የአየር ግፊት መለኪያ ነው፤ ዜሮ የሚለውም የተነሣበትን ቦታ፣ የእናንተን እግር ሥር ነው። ከበታቹ ያለውን መሬት አያውቅም። «50» ማለት ከእናንተ 50 ሜትር ከፍ ብያለሁ ማለት ነው እንጂ ከመሬት 50 ሜትር ርቄያለሁ ማለት አይደለም። ሜዳ አገር ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ጎጃም ግን ሜዳ አይደለም። ከሞጣ ፊታችሁን ወደ ጮቄ ተራራ አዙራችሁ በ50 ሜትር ከፍታ ቀጥ ብላችሁ ብትነዱ፣ መሬቱ ከሥራችሁ እየተነሣ ይመጣል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ሽቅቡ 60 ሜትር ከፍ ካለ፣ ሪሞቱ «50» እንዳለ ድሮኑ ከዳገቱ ጋር ይላተማል። ማቪክ ሚኒን የመሳሰሉ ትንንሾቹ ደግሞ ከፊታቸው ያለውን የሚያይ ዓይን የላቸውም።

ወደ ሸለቆው እንመለስ። ድልድዩን ለማየት ድሮኑን ከአፋፉ በታች አወረድነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ አልፎ ወደ ኔጌቲቭ ሄደ፣ «-150» አለ። በዚህ ጊዜ በእናንተና በእሱ መካከል የአፋፉ ድንጋይ ገብቷል። የሪሞቱ ሞገድ ድንጋይ አያልፍም። ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይደርሳል» የሚለው ቁጥር የተለካው ምንም ከልካይ በሌለበት ነው፤ እዚህ 200 ሜትር ላይ እንኳ ስክሪኑ ሊጠቁር ይችላል። ጠቆረ። ልባችን ደነገጠ። ድሮኑ ግን አልደነገጠም፤ ሲግናል ሲያጣ የሚያደርገው ተጽፎለታል። ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ ቀድሞ ወደተሞላለት ከፍታ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያ ቀጥ ባለ መስመር ወደ መነሻው ይመጣል። ጥሩ ብልሃት ነው። ብዙ ድሮን አድኗል።

ብዙ ድሮንም ገድሏል። የመመለሻው ከፍታ 40 ሜትር ከተባለ የሚቆጠረው ከእናንተ እግር ሥር ነው። ስለዚህ ከ150 ሜትር ጉድጓድ ወጥቶ 40 ሊጨምር፣ በድምሩ 190 ሜትር ሽቅብ ሊወጣ ነው። በሰከንድ 3 ሜትር ቢወጣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው፤ ሽቅብ መውጣት ደግሞ ባትሪ ይበላል። ከራሱ በላይ የወጣ አለት ወይም የሾላ ቅርንጫፍ ካለም አያየውም፤ ሽቅብ ይመታዋል። ደርሶ ቢመጣ እንኳ ጓሯችሁ ያለው ባሕር ዛፍ 40 ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ደጃችሁ ላይ ይሰቀላል። ደጋው በባሕር ዛፍ የተሞላ ነውና ይህ የመመለሻ ቁጥር ከመነሣት በፊት ዓይን ተጥሎበት፣ ከአካባቢው ረጅም ዛፍና ኮረብታ በላይ መሆን አለበት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። እኔ እስከማየው ድረስ ድሮን በብዛት የሚጠፋው ስለተበላሸ አይደለም፤ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ፣ ባለቤቱ ምን እንዳዘዘው ሳያውቅ ነው።

መነሻውንም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ድሮኑ ሲበራ ሳተላይቶችን እየፈለገ ነው፤ ቦታውን ለማወቅ ቢያንስ አራት ያስፈልጉታል፣ ለመተማመን ደግሞ ከዚያ ብዙ በላይ። ሰው ቸኩሎ ሳይቆጠሩለት ካስነሣው «ቤቴ» የሚለውን ነጥብ አየር ላይ ሆኖ፣ ሌላ ቦታ ሊመዘግብ ይችላል። ሙሽራዋ እየወጣች ነው፣ ሰው ይጮኻል፣ ቀራጩ ይነካካል። ድሮኑም በኋላ «ወደ ቤት» ሲባል ወደማያውቁት ማሳ ይሄዳል።

አሁን ነፋስ። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል፤ ነፋስም እንዲሁ ነው። ጠዋት ሸለቆው ፀጥ ይላል። ቀትር ሲሆን የቆላው አየር ይሞቅና ገደሉን እየታከከ ሽቅብ ይወጣል፤ አፋፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ጋቢው ሲርገበገብ ያውቀዋል። ደጀን ላይ የዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ያን ያህል አየር ሲነሣና ሲዞር 249 ግራም ምንድን ነው?

ሒሳቡን ልሥራላችሁ፤ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ድሮኑ ነፋስ በሌለበት በሰከንድ 10 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ ነፋሱ ደግሞ በሰከንድ 7 ሜትር ነው። ከነፋሱ ጋር ሲሄድ በሰከንድ 17 ሜትር ይከንፋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ባለቤቱ «እንዴት ይሮጣል!» ብሎ ይደሰታል። ሲመለስ ግን 10 ሲቀነስ 7፣ በሰከንድ 3 ሜትር ነው፤ ያው ኪሎ ሜትር አምስት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የሄደበት ባትሪ አይመልሰውም። በዚያ ላይ ከፍ ሲል ነፋሱ ይበረታል፤ የመመለሻው ትእዛዝ ደግሞ ከፍ በል ይለዋል። ስለዚህ የለመዱ ሰዎች መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመው ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ ነፋሱ ይገፋላቸዋል። አንድ ጊዜ ነፋስ ከወሰደባቸውም ሽቅብ አይሉም፤ ዛፍና ሽቦ እያዩ ዝቅ ብለው፣ ነፋሱ በሚሳሳበት በኩል ይመለሳሉ።

ባቄላው እዚህ ጋ ይመጣል። ብቸናና ሞጣ ሁለቱም 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚያ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ምክንያቱ አየሩ መሳሳቱ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛው ያህል ይጎድላል። ፕሮፔለር ደግሞ የሚሠራው አየር ወደ ታች በመግፋት ነው። የሚገፋው ሲያንስ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት፤ በዚህ ከፍታ ባለበት ለመቆም ብቻ 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል። ካርቶኑ ላይ «30 ደቂቃ» የተጻፈው ይህን አያውቅም፤ ነፋስ በሌለበት፣ ባትሪው አዲስ ሆኖ የተለካ ነው። እኔ ብሆን ብቸና ላይ 20 ደቂቃ ብዬ እቆጥረዋለሁ፣ ባትሪው ሲሶ ሲቀረውም መሬት ላይ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ማቪክ ሚኒ አምራቹ የወሰነለት ጣሪያ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ነው። ጮቄ 4,100 ሜትር ይደርሳል። ጮቄን በዚያ ድሮን ለማንሣት የሚነሣ ሰው ገና ከመነሻው ከተፈቀደለት በላይ ነው።

ባትሪው ራሱ ብርድ ይጠላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ሳር ላይ አመዳይ በሚጥልበት ሰዓት፣ በመኪና ውስጥ ያደረ ባትሪ 100 በመቶ እያሳየ ይነሣና ሞተሮቹ ኃይል ሲጠይቁት ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ድሮኑም አቅም አጣሁ ብሎ ባለበት ይወርዳል፤ ገደል ይሁን ውኃ አይመርጥም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባትሪውን ጋቢ ውስጥ፣ ከሰውነት አጠገብ ማሳደር፣ ከተነሡም በኋላ አንድ ደቂቃ ቅርብ ላይ አቁሞ ማሞቅ። ሌላው የባትሪ በሽታ እብጠት ነው። ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ፀና ዕቃ ካልተቀመጠ፣ በጣት ሲነኩት ሆዱ ላይ ከዞረ፣ አብጧል። ውስጡ ጋዝ ፈጥሯል። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ለሳምንታት መሳቢያ ውስጥ መክረሙ አንዱ ምክንያት ነው፤ ለማቆየት ግማሽ ያህል ቻርጅ ይበቃዋል። ያበጠ ባትሪ አይበርም፣ አይወጋም፣ ቻርጅም አይደረግም። አንዳንዴ ጥፋቱ የአምራቹ ይሆናል፦ ጎፕሮ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ካርማ የተባለውን ድሮኑን 2,500 ያህል ከገበያ የሰበሰበው፣ ባትሪው በበረራ ላይ ከቦታው እየለቀቀ ኃይል ስለሚቋረጥ ነበር።

ወደ ማርስ እንሂድ። የናሳዋ ኢንጄኒዩቲ ሄሊኮፕተር፣ ከምድር አየር አንድ በመቶ ያህል በሆነ አየር ውስጥ፣ በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ክንፏን እያሽከረከረች በረረች። አምስት ጊዜ ትበራለች ተብሎ ታስቦ 72 ጊዜ በረረች። እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2024 በመጨረሻው በረራዋ ወደቀች። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ሲያጠኑ ያገኙት ነገር እኛንም ይመለከታል፦ ከሥሯ የነበረው ወጥ የሆነ አሸዋ ነው። ወደ ታች የሚያየው ካሜራዋ ምልክት ይፈልጋል፣ ድንጋይ፣ ስንጥቅ፣ ጥላ፤ በነዚያ ነው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰች የምታውቀው። አሸዋው ላይ የሚይዘው ምልክት አጣ፤ ፍጥነቷን ተሳሳተች፣ በኃይል አረፈች፣ ክንፎቿ ተሰበሩ።

የእኛ ትንንሽ ድሮኖችም ሆዳቸው ላይ እንዲህ ያለ ዓይን አላቸው። ሰበራ ድልድይ ሥር ያለው የዓባይ ውኃ በክረምት ቡናማ ነው፣ ይንቀሳቀሳል፣ ያብለጨልጫል። ድሮኑ ዝቅ ብሎ ሲበር የውኃውን ምልክት ይዞ፣ ውኃው ሲሄድ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ሳተላይት ሊያርመው ይገባ ነበር፤ ሸለቆ ውስጥ ግን ገደሉ ግማሹን ሰማይ ይሸፍነዋል። ነፋስ የሚያስተኛውና የሚያነሣው የእነማይ ወረዳ ጤፍ ማሳም እንደ ውኃው ያታልለዋል። ስለዚህ ውኃና ማሳ ላይ ከፍ ማለት ነው።

ኮምፓሱ ደግሞ አለ። የምድር ማግኔት ደካማ ነው፤ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ጌጥ በመቶ እጥፍ ሊበልጠው ይችላል። ሰው ድሮኑን ከመኪና ኮፈን ላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ፣ ፌሮ ከተቀበረበት የሕንፃ ወለል ላይ ሲያስነሣ፣ ኮምፓሱ ሰሜንን ይስታል። አየር ላይ ሲወጣ የሚያየው አቅጣጫና ሳተላይት የሚነግረው አይገጥሙም። ድሮኑ ለማረም ሲሞክር እንደ አውድማ በሬ መዞር ይጀምራል፤ ክቡም እየሰፋ፣ ፍጥነቱም እየጨመረ ይሄዳል። በጮቄ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፣ ብረት አለበት፤ እሱም ያውካል። ሣር ላይ፣ ከብረት ርቆ መነሣት ይበቃል።

የቀሩትን ቶሎ ልበላችሁ። የመብራት ሽቦና የተንጠልጣዩ ድልድይ ገመድ በካሜራ አይታይም፤ ምሰሶ ካያችሁ ሽቦ አለ ብላችሁ እመኑ። ጭልፊት ድሮንን ሌላ ወፍ ነው ብሎ ይመታዋል፤ ሲመጣ ሽቅብ መሸሽ ነው፣ ወፍ ቀጥ ብሎ ለመውጣት ይከብደዋል። ቀጥ ብሎ በፍጥነት መውረድም አደጋ ነው፦ ድሮኑ ራሱ ወደ ታች በገፋው የተናወጠ አየር ውስጥ ይገባና ይንቀጠቀጣል፣ ይሰጥማል፤ እየወረደ ወደ ጎን ቢሄድ ይድናል። አውድማ ላይ ማሳረፍ ገለባውን ወደ ሞተሩ ይጋብዛል። ፕሮፔለሩ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚዞር፤ ከተቀያየረ ድሮኑ እንደተነሣ ይገለበጣል። ጥፍራችሁን በጠርዙ ላይ አሳልፉ፤ ያዝ ካደረገ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ቀይሩት።

ሰው ራስ ላይ ግን ፈጽሞ አይበረርም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ጣሊያን ውስጥ የኦስትሪያው የበረዶ ሸርተቴ ሯጭ ማርሴል ሂርሸር እየተወዳደረ ሳለ፣ ለቴሌቪዥን የሚቀርጽ ከባድ ድሮን ከኋላው ወደቀ። ለጥቂት ነው የሳተው። ያን የሚያበርሩት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የሰርግ እልልታ ላይ፣ የጥምቀት ሕዝብ ላይ የሚበር ድሮን ባየሁ ቁጥር ያ ትዕይንት ይመጣብኛል።

ይህን ሁሉ የምለው ነገሩን ስለምወደው ነው። ስኮትላንዳዊው ፎቶ አንሺ ኪራን ዶድስ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከላይ ሲያነሣ፣ በታረሰ ቡናማ መሬት መካከል እንደ አረንጓዴ ማኅተም የተቀመጡትን ክቦች ዓለም አየ። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው የምታውቋቸው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ሲናገሩለት የነበረው ነገር በአንድ ዓይን ጥቅሻ ተገለጠ። የሞጣም የብቸናም አድባራት እንዲያ የሚታዩበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።

ዛሬ ግን ቀኑ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእህቱ ሰርግ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ይዞ የሚመጣ የዲያስፖራ ልጅ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዝበታል። ከፈቃዱም በላይ፣ ሞጣ ገበያ መካከል የቆመች ሴት ከላይ የምትሰማው ድምፅ የሙሽራ ይሁን የሌላ በምን ታውቃለች? ያንን ፍርሃት በማንም ላይ መጨመር አይገባም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይህንንም ለእረኞቹና ለተማሪዎቹ አድርሱልኝ። ማሳ ውስጥ፣ ገደል ሥር፣ ዛፍ ላይ ወድቆ የምታገኙት የብረት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ መጫወቻ ድሮን ቢመስልም አትንኩት፣ አታንሡት፣ ድንጋይም አትወርውሩበት። ያልፈነዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ቦታውን በዓይናችሁ ያዙ፣ በመጣችሁበት መንገድ ተመለሱ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ።